አፌን የፈታሁበት ግቢ

ባለፈው ከሻሸመኔ ስመለስ ሚኒባሳችን አርሲ ነገሌ ላይ ሰው ሊያወርድ ቆመ። የቆመው እህል ተራው አጠገብ ነበር። በመስኮቱ የስንዴ አቧራ ገባ፤ ያ ደረቅ፣ አፍንጫ የሚኮረኩር፣ ትንሽ ጣፈጥ የሚል ሽታ። ጆንያ ላይ የተቀመጠች አንዲት ሴት ወደ አስፋልቱ የምትሮጥ ሕፃን አየችና «አስ ኮቱ!» ብላ ተጣራች። ወደዚህ ነይ ማለት ነው፤ አዳማ ያደገ ሰው ይህን አያጣውም። እኔ ግን ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። ቦርሳዬን አንጠልጥዬ፣ አጠገቤ የተቀመጡትን ሰውዬ እግር ረግጬ በሩ ላይ ደረስኩ። ረዳቱ «እህት፣ ወራጅ ነሽ እንዴ? አዳማ አላልሽም?» ሲለኝ ነው ወደ ልቤ የተመለስኩት። «ተሳስቼ ነው» ብዬ ቦታዬ ገባሁ። ሰውዬው እግራቸውን እያሹ እስከ ባቱ ድረስ ፊታቸውን አዙረውብኝ ሄዱ።

ልጅሽ አፏን ልትፈታ ነው ብለሽ ደስ ብሎሽ ስትደውዪልኝ ይኼው ነው የመጣብኝ። በየትኛው ቋንቋ ላናግራት ብለሽም ጠየቅሽኝ፤ እኔም ሳልመልስልሽ ወሬ ቀየርኩ። እኔ ምን አውቄ እመክርሻለሁ? የራሴን ልንገርሽና አንቺው ፍረጂ።

ያደግሁት አዳማ ነው፤ ከገበያው ጀርባ፣ አንድ ትልቅ የኒም ዛፍ በነበረበት ግቢ። አሁን ፎቅ ተሠርቶበት ከታች ሞባይል ይሸጥበታል። ያኔ ፊት ለፊት የአከራያችን ቤት ነበር፤ ከጎኑ ተለጥፋ እኛ የተከራየናት አንዲት ክፍል ነበረች። በመካከላችን ያለው ግድግዳ የጭቃ ስለነበር ሳል እንኳ አያስቀርም። ቀትር ላይ ቆርቆሮው በሙቀት ይንጣጣል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሣና የመንገዱን አቧራ ሁሉ ሰብስቦ ጓዳችን ድረስ ያስገባዋል። ከአጥሩ ውጭ የጋሪ ፈረሶች ቃጭል ሲያልፍ ይሰማል፤ ከእሱ በቀር የግቢው ቀን ጸጥ ያለ ነበር።

አባቴ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ነበር። ናፍጣና ላብ እየሸተተ ይገባል፣ ይተኛል፣ ተመልሶ ይሄዳል። እናቴ ከምንጃር መጥታ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ትሠራ ነበር። በከተማው ዘመድ የላትም። ቀኑን ሙሉ በፋይል መካከል ውላ የምትመጣው ወደ እኔ ነው፤ ከእኔ ሌላ የሚያናግራት ሰው አልነበረም። ይህን ያኔ አላውቅም፤ ልጅ የእናቱን ብቸኝነት ከየት ያውቃል።

አከራያችን የአርሲ ነገሌ ሰው ነበረች። ባሏ ሞቶባታል፣ ልጅ አልወለደችም። እናቴ የወሊድ ፈቃዷ አልቆ ምን ላድርግ ብላ ግራ በገባት ጠዋት፣ አከራያችን በራችን ላይ መጥታ ሁለት እጆቿን ዘረጋች አሉ። እናቴም ምንም ሳትጠይቅ እኔን አቀበለቻት። በእሷ ቋንቋ አያት አኮ ትባላለች፤ እኔም ሳድግ አኮ አልኳት።

አኮ ወሬኛ ነበረች፤ በፍቅር ነው የምለው። ከዶሮዎቿ ጋር ታወራለች፣ ከድስቱ ጋር ታወራለች፣ ልብስ ስታጥብ አዝራሩ የወለቀውን ሸሚዝ ቁጭ አድርጋ ትቆጣዋለች። ሁሉንም በኦሮምኛ ነው። እኔ ጀርባዋ ላይ ታዝዬ እሰማለሁ። ድምጿ በጆሮዬ ብቻ አልነበረም የሚገባው፤ ደረቴን ከጀርባዋ ባጣበቅሁበት በኩልም ይሰማኝ ነበር። እስከ አሁን ሰው ስለ አፍ መፍቻ ቋንቋ ሲያወራ እኔ የማስበው ያን ሙቀት ነው።

ጣቴን በቀሰርኩ ቁጥር ስሙን ትነግረኛለች። «ኩኒ ማል?» ማለትን ከተማርኩ በኋላማ እረፍት አሳጣኋት። ይህ ምንድን ነው ማለት ነው። ውሃው ቢሻን፣ ፀሐይዋ አዱ፣ ዶሮዋ ሉኩ። ተሳስቼ ስናገር አትስቅብኝም፣ «እንዲህ አይባልም» አትለኝም። የእኔን የተጣመመ ቃል ተቀብላ፣ ቀጥ አድርጋ፣ ገና አሁን እንደምትናገረው ሆና ትመልስልኛለች። አንዱን ነገር መቶ ጊዜ ብጠይቃት መቶ ጊዜ ትመልሳለች። በዕድሜዬ ሙሉ እንደዚያ የታገሠኝ ሰው አልገጠመኝም።

ታዲያ አመሻሽ ላይ እናቴ ስትመጣ ሮጬ ቀሚሷን እይዝና ቀኔን እተርክላታለሁ፤ በኦሮምኛ። ጫማዋን ሳታወልቅ ተቀምጣ፣ ራሷን እየነቀነቀች ትሰማኛለች። የገበያ ኦሮምኛ ታውቃለች፤ ስንት ነው፣ ቀንሺ፣ ደህና ዋልሽ። የልጅ ወሬ ግን በገበያ ቋንቋ አይገባም። እኔ የምስቅበት ቦታ ላይ እሷ ዘግይታ ትስቃለች። ተርኬ ስጨርስ በአማርኛ አንድ ነገር ትጠይቀኛለች፤ እኔም በኦሮምኛ እመልሳለሁ። እንደዚህ ሆነን እራት እንበላለን።

አንድ አመሻሽ ላይ ታመምኩ። ሰውነቴ እንደ እሳት ነዶ አለቅሳለሁ። እናቴ «የት ጋ ነው የሚያምሽ? አሳዪኝ» ትለኛለች፤ ሆዴን ትነካለች፣ ጆሮዬን ትነካለች። እኔም የማውቀውን ሁሉ እነግራታለሁ፤ ደጋግሜ፣ እየጮኽኩ፣ ለምን እንደማትሰማኝ ገርሞኝ። በመጨረሻ አቅፋኝ ወጣችና የአኮን በር አንኳኳች።

«እትዬ፣ ምን እያለች ነው?»

አኮ ጎንበስ ብላ ሰማችኝ። «ጉሮሮ ነው» አለች። «ምራቅ ሲውጥ እሾህ ወጋ ይላል።» ከዚያ ወደ እኔ ዞራ አንድ ነገር አለችኝ፤ ወዲያው ዝም አልኩ። በሞቀ ውሃ ማር አጠጡኝ።

እናቴ ወደ ክፍላችን ስትመለስ እንባዋ አንገቴ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ለእኔ ሕመም ያለቀሰች መስሎኝ ኖሬአለሁ። ካደግሁ በኋላ ነው የነገረችኝ። «የገዛ ልጄን ሕመም በአስተርጓሚ ሰማሁ» አለችኝ።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ አኮ ቤት ሄደች። እኔ ከኋላዋ ነበርኩ። «እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለቻት። «ትምህርት ቤት መግቢያዋ ደርሷል። ልጆቹ ይስቁባታል ብዬ ፈራሁ። ከእንግዲህ በአማርኛ ብቻ ያናግሩልኝ።» አኮ ቀና ብላ አየቻት። ለመቆጣት የፈለገች አትመስልም ነበር፤ ደግሞ ያልገባትም አልመሰለችም። «ይሁን» አለች። «አንተ እናት ነህ። ቃል ሰጥቻለሁ።» አማርኛዋ ሴቱንም ወንዱንም አንተ ነበር የሚለው። እጇን ዘርግታ የእናቴን መዳፍ መታች፤ ነገሩ በዚያ አለቀ።

ሰው «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ይላል። አኮ የወለደችው የለም። የነበርኳት እኔ ብቻ ነኝ፤ የጠፋሁትም እኔ ነኝ።

አማርኛዋ ለገበያና ለሰላምታ የሚበቃ ነበር። «ና»፣ «ብላ»፣ «ተው»፣ «ተኛ»። ከዚያ ወዲያ ቃል ፍለጋ ዓይኗን ወደ ጣሪያው ትወረውራለች፣ ከንፈሯን ትልሳለች፣ ይጠፋባትና እጇን አወናጭፋ ትተወዋለች። ያቺ ቀኑን ሙሉ የምታወራ ሴት በጥቂት ቃላት ቀረች። ዶሮዎቹን እንኳ ማናገር ተወች፤ እንዳልሰማት ብላ። እህል እየበተነች በምላሷ ቃ ቃ ታደርግላቸዋለች እንጂ ቃል አታወጣም። ሸሚዞቹም ከቁጣዋ ተገላገሉ።

እኔ መጀመሪያ ያጠፋሁ መሰለኝ። ጣቴን ቀስሬ «ኩኒ ማል?» እላታለሁ፤ ከንፈሯን ገጥማ ፊቷን ታዞራለች። ጮክ ብዬ እጠይቃለሁ። ፊት ለፊቷ ዞሬ እጠይቃለሁ። ስሙን የማውቀውን ነገር ሁሉ እያመጣሁ፣ ጭልፋውን፣ ቆሪውን፣ የኒም ቅጠሉን፣ ጭኗ ላይ እከምራለሁ። አንድ በአንድ አንሥታ መሬት ታስቀምጠዋለች። አንዳንዴ ወደ ጓዳ ገብታ ትቆያለች፤ ስትወጣ ፊቷ ታጥቧል።

ከዚያ እኔም ዝም አልኩ። ተቆጥቼ አልነበረም። የሚመልስልኝ ስላልነበረ ነው። በአንደኛው ቋንቋ የምታናግረኝ ዝም ብላለች፣ ሁለተኛውን ገና አልያዝኩትም። ሁለታችን ከኒሙ ሥር ምንጣፍ ላይ እንቀመጣለን፤ ጥላው ሲዞር እኛም ምንጣፋችንን እየጎተትን እንዞራለን። ከዚያ በኋላም በሕይወቴ ብቻዬን የሆንኩባቸው ጊዜያት አሉ፤ ታውቂያቸዋለሽ። ግን ከምወዳት ሰው ጎን ተቀምጬ፣ ጉልበቷ ጉልበቴን እየነካው፣ እንደዚያ ብቻዬን የሆንኩበት ጊዜ የለም።

በሰፈራችን ከወሎ የመጡ ባለ ሱቆችና የሸዋ ሰዎች ይበዙ ነበር፤ ልጆቹ የሚጫወቱት በአማርኛ ነው። ወደ እነሱ ብሄድም አልናገርም ነበር። «ዲዳዋ መጣች» ይሉኛል። ኳሱ አጥር ሲዘልባቸው እኔን ይልካሉ፤ ዲዳ እምቢ አይልም።

እናቴ ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ የሚያስተምሩ የኔታ ዘንድ አስገባችኝ። አኮ እጄን ይዛ ታደርሰኛለች። እሷ ሙስሊም ስለነበረች ከቅጽሩ አትገባም፤ ከግንቡ ውጭ ጥላ ፈልጋ፣ ሻሿን ፊቷ ላይ ሳብ አድርጋ እስክወጣ ትጠብቀኛለች። ዜማችን በግንቡ ላይ ተሻግሮ ይደርሳት ነበር። ሀ ሁ ሂ ሃ። ከልጆቹ ጋር በአንድነት ሲሆን እኔም እጮኻለሁ። በዚያ ሁሉ ድምፅ መካከል የእኔን የሚለይ የለም፤ ስለዚህ አላፍርም።

ግን አየሽ፣ ያ ንባብ አልነበረም። ሁላችንም ፊደሉን የያዝነው በዜማው ነው፤ መጠቆሚያው ስንደዶ በፊደል ገበታው ላይ ይሮጣል፣ አፋችን በራሱ መንገድ ይሮጣል። የኔታ ድንገት ከመሃል አንዷን ፊደል ይነኩና «ይህችስ ማን ናት?» ይላሉ። ሌሎቹ ልጆች ከሀ ጀምረው በሹክሹክታ እየዘመሩ እስኪደርሱባት ይሮጣሉ፤ ወይም ይገምታሉ፣ ይሳሳታሉ፣ ይሳቃል። እኔ አልገምትም። ዝም ብዬ የኔታን ጢም አያለሁ።

የኔታ እናቴን አስጠሯት። «ልጅቱ ጆሮዋ ደህና ነው» አሏት። «ከሕፃናቱ ጋር ታዜማለች። ለብቻዋ ሲሆን ግን ቃል አይወጣትም። ጠበል ሞክሪላት።» እናቴ ጠበል አስጠመቀችኝ። የባለ ሱቁ ሚስት ዓይን ነው አለች። አኮ ደግሞ ለማንም ሳትነግር ሼኹ ዘንድ ወስዳ አስደግማልኛለች። በሁለቱም በኩል ተጸለየልኝ፤ እኔ ግን አልተናገርኩም።

እናቴ ፈራች። ያኔ ነው፣ እንደሚመስለኝ፣ የምር ታናግረኝ የጀመረችው። ከዚያ በፊት የምትጠይቀኝ ነበር፤ በላሽ ወይ፣ ታጠብሽ ወይ። አሁን ግን ሽንኩርት ስትከትፍ ስለ ሽንኩርቱ ትነግረኛለች፣ ስትተኛ ስለ ምንጃር ትነግረኛለች፤ ስለ ጤፉ፣ ስለ ወንድሞቿ፣ ስላሳደደቻት ላም። ደክሟት ዓይኗ እየተጨፈነ ትናገራለች። መልስ ባልሰጣትም ትቀጥላለች።

ከእራት በኋላ ደግሞ እንቆቅልሽ ታመጣለች። «እንቆቅልሽ!» ትላለች። «ምን አውቅልሽ» ማለት የእኔ ድርሻ ነው፤ ዝም እላለሁ። እሷው ለራሷ «ምን አውቅልሽ» ትላለች፣ እሷው ትጠይቃለች። ያላወቀ አገር መስጠት አለበት፤ አገር የወሰደ ደግሞ እዚያ ገብቶ የበላውን የጠጣውን እየዘረዘረ ተሸናፊውን ያስቀናዋል። «ካልሰጠሽኝ እኔው እመርጣለሁ» ትለኝና የአባቴን መንገድ ትወስድብኛለች። ወለንጪቲን ወሰደች፣ መተሐራን ወሰደች፣ አዋሽን ወሰደች። ብርቱካኑን ልጣ፣ ዓሣውን ጠብሳ በላችው። እኔ አፌን ከፍቼ እሰማለሁ እንጂ ትንፍሽ አልልም።

የጅቡቲ መንገድ ሲያልቅባት ወደ ደቡብ ዞረች። ሞጆን ወሰደች። መቂን ወሰደች፤ ቲማቲሙን ጨረሰችው። ባቱን ወሰደች። አንድ ማታ እንቆቅልሹን ጠየቀች፣ ጠበቀች፣ እንደ ልማዷ እጇን አጨበጨበችና «ነገሌን ወሰድኩ!» አለች። «ነገሌ ገብቼ፣ ስንዴውን አስፈጭቼ፣ ቅቤውን ተቀብቼ፣ ወተቱን ጠጥቼ፣ ቤቱን ሁሉ የእኔ አድርጌ...»

«አትውሰጂ!» አልኩ። ድምፄ ከእኔ የወጣ አልመሰለኝም። «ነገሌን አትውሰጂ! የአኮ ነው! አኮ የት ትገባለች?»

እናቴ እጇ አየር ላይ ቀረ። ከግድግዳው ወዲያ አንድ የቆርቆሮ ዕቃ ወድቆ ተንከባለለ። ከዚያ መዳፍ የጭቃውን ግድግዳ ሲመታ ሰማን፤ ቀስ ብሎ፣ ደጋግሞ። እናቴ እየሳቀች ነው እያለቀሰች ነው ለማለት ያስቸግራል። «መለስኩ!» አለች። «ነገሌን መለስኩ! ማርያምን፣ እንዳለ መለስኩ!» አቅፋኝ ግድግዳው ላይ አፏን አስጠግታ «እትዬ፣ ሰሙ?» ብላ ጮኸች። ከወዲያ መልስ አልመጣም፤ መዳፉ ብቻ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ማን ያስቆመኝ። ለካስ ቃሉ ሁሉ ገብቶ ተጠራቅሞ ኖሯል። ሽንኩርቱም፣ ጤፉም፣ ላሚቱም በየተራ ወጡ። ከእናቴ ጋር ማታ ማታ እየተቋረጥን እናወራለን። ያገኘኋት ያኔ ነው፤ እውነቱን ልናገር፣ እናቴን ከዚያ በፊት አላውቃትም ነበር። አባቴ ከመንገድ ሲመለስ «ይቺን ማን ሞላት?» ብሎ ሳቀ። ልጆቹም ለኳስ ሲልኩኝ እምቢ ማለት ጀመርኩ።

የኔታም አቡጊዳ አስጀመሩኝ። አቡጊዳ ፊደሎቹን ሰያፍ እየሄደ ያመሳቅላቸዋል፤ በዜማ ያመለጠ ሁሉ እዚያ ይያዛል። እኔም እዚያ ተያዝኩና ፊደል በፊደል ማየት ተማርኩ። አንድ ቀን ከየኔታ ስንመለስ፣ በአኮ እጅ ላይ ተንጠልጥዬ፣ በአንድ በር አናት ላይ የተጻፈ ቀይ ጽሑፍ አየሁ። ዳ አልኩ። ቦ አልኩ። ቆምኩ። ከውስጥ የትኩስ ዳቦ ሽታ ይወጣ ነበር። «አኮ፣ ዳቦ ይላል! ግድግዳው ዳቦ ይላል!»

አኮ ጽሑፉን አየች፣ እኔን አየች። ከመሬት ብድግ አድርጋ አነሣችኝ። አፏ ተከፈተ፤ ሊወጣ የነበረው የማውቀው ነገር ነበር፣ ያ ረጅሙ፣ ከጀርባዋ የሚሰማኝ። ጉሮሮዋ ላይ ደርሶ ሲመለስ አየሁት። «ጎበዝ» አለች፤ ከዚያ ደግሞ ፈልጋ ፈልጋ «ጎበዝ ነህ» አለች። መሬት አውርዳኝ ዳቦ ገዛችልኝ።

ከዚያ ወዲያ ከአኮ ጋር የማወራው በአማርኛ ሆነ። ጠያቂዋ እሷ ሆነች። «ይኼ ምንድን ነው?» ትለኛለች፤ እኔም የኔታን መስዬ አስተምራታለሁ። ስትሳሳት ግን እስቅ ነበር፤ እሷ በእኔ አልሳቀችም። አማርኛዋ እያደገ ሄደ፤ ሆኖም ዶሮዎቿን ተመልሳ አላናገረችም። እናቴም የተቀበለችውን ቃል አልመለሰችላትም። ክፋት አልነበረም። ያገኘችኝን መልሳ የምታጣኝ መስሏት ይሆናል።

ቋንቋ ሲሄድ አይሰማሽም፤ ሕመም የለውም። ውሃና ዶሮ ቀሩልኝ፤ ሌላው መቼ እንደወጣ አላውቅም። በኋላ በትምህርት ቤት አፋን ኦሮሞ ተምሬአለሁ፣ በላቲን ፊደል፣ ከነሰዋስው። አሁን በሞጆ ደረቅ ወደብ ስለ ኮንቴይነር ከሾፌሮች ጋር የምነታረከው በእሱ ነው። «ጎበዝ፣ ጥሩ ለምደሽዋል» ይሉኛል። ለምደሽዋል ሲሉኝ ውስጤን ይወጋኛል፤ ምን እላቸዋለሁ።

አንደኛ ክፍል በጨረስኩበት ክረምት የአኮ ወንድም ነገሌ ሞተ። ትንንሽ ልጆች ጥሎ ነበርና እሷ ልታሳድጋቸው ልትሄድ ሆነ። ቤቱ ተሸጠ፤ እኛም ሌላ ኪራይ አገኘን። አንድ ቀትር ላይ ስንዴ አራግፎ የተመለሰ አይሱዙ መጥቶ አልጋዋን፣ ሳጥኗንና ዶሮዎቿን ጫነ። ዝናብ ሊመጣ አጥቁሮ ነበር። ግቢው እርጥብ አፈርና የኒም ቅጠል ይሸታል።

ሾፌሩ ሞተሩን አስነሥቶ እያስጓራ ነው። አኮ በእናቴ ፊት ቆመች። «ቃሌን መልስልኝ» አለቻት።

እናቴ መዳፏን ዘረጋች፤ አኮ መታችው።

ከዚያ አኮ ፊት ለፊቴ ቁጢጥ አለች። ጉንጮቼን በሁለት እጇ ያዘች፤ እጇ ቅቤና ሳሙና ይሸታል። ተናገረችም። በኦሮምኛ፣ በዚያ በሙሉ ድምጿ፣ ሳትቆም፣ ሳትፈልግ፣ ወደ ጣሪያ ሳትመለከት። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ የዋጠችው በአንድ ላይ መጣ። «ኢንተላ ኮ» ስትል ሰማሁ፤ ልጄ ማለት ነው። ነገሌ ስትል ሰማሁ። ሌላውን ልይዝ እሞክራለሁ፤ አንዱን ስከተል ሌላው ያልፈኛል። ከንፈሯን አየሁ፣ ዓይኗን አየሁ። ትስቃለች፣ ይከፋታል፣ ደግማ ትስቃለች፤ እኔ የትኛው ምን እንደሆነ አላውቅም። ዛሬ ቋንቋውን አውቀዋለሁ። ያን ንግግር አሁን ቢደግሙልኝ እያንዳንዱን ቃል እፈታዋለሁ። የቀረልኝ ግን ድምፁ ብቻ ነው፤ ቃሉ የለም።

መጨረሻ ላይ ድምጿ ከፍ ብሎ ቆመ። ጥያቄ ነበር። ጉንጮቼን እንደያዘች ትጠብቃለች።

«እሺ» አልኩ።

ረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ግንባሬን ሳመችኝ፣ ተነሣች፣ ጋቢና ገብታ በሩን ዘጋች። ከዚያ ወዲያ አላየኋትም፤ በሞት ማለፏን የሰማሁትም ቆይቶ፣ ከሌላ ሰው አፍ ነው። አይሱዙው በገበያው በኩል ዞሮ እስኪጠፋ እናቴ እጄን አልለቀቀችም።

«ምን አለችሽ?» አለችኝ።

«አላውቅም» አልኳት። «ግን እሺ ብያታለሁ።»